ነጠላ ጨብጦ የቆመው ልጅ

ውድ ወላጆች፣ እንደምን አደራችሁ! በቅዳሜ ጠዋት ሥራችሁን ትታችሁ ስለመጣችሁ አመሰግናለሁ።

ሰሞኑን ክርስትና ተጠርቼ ነበር። አንድ የአራት ዓመት ልጅ የእናቱን ነጠላ ጨብጦ ከኋላዋ ተሸጉጧል። ትልልቆቹ «ና ሳመኝ እንጂ!» ይሉታል። አባቱ «ወንድምህን አታየውም?» ብሎ ክንዱን ሳብ አደረገው። ልጁ አለቀሰ። አባት ወደ እናት ዞሮ «አንቺ ነሽ ያበላሸሽው» አላት። አንገቷን ደፋች።

ዛሬ የመጣሁት ለእሷ ብዬ ነው።

ኒው ዮርክ ውስጥ አሌክሳንደር ቶማስና ስቴላ ቼስ የሚባሉ ባልና ሚስት የሥነ አእምሮ ሐኪሞች ነበሩ። በዚያ ዘመን ልጅ ካስቸገረ ጣት የሚቀሰረው እናት ላይ ነው። እነሱ ይህ አልተዋጠላቸውም። ከ1956 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ከመቶ በላይ ልጆችን ከጨቅላነት እስከ ጉልምስና ተከታተሉ። ከመቶው 40 ያህሉ ገና ከጠዋቱ ቀለል ያሉ ነበሩ። 10 ያህሉ ነጭናጫ፣ እንቅልፋቸውም ምግባቸውም ሰዓት የማይዝ። 15 ያህሉ ደግሞ ቀስ ብለው የሚላመዱ። የቀሩት ከሁሉም የተቀላቀለ ጠባይ ነበራቸው። ነጠላ የጨበጠው ልጅ ቀስ ብለው ከሚላመዱት ይመስለኛል። ማንም አላበላሸውም።

እኔን በጣም የገረመኝ ግን ሌላ ነው። እዚያው ከተማ የሚኖሩ የፖርቶ ሪኮ ቤተሰቦችንም አጥንተዋል። በእነዚያ ቤቶች ልጅ አምሽቶ ቢተኛ ማንም አይጣላውም። ጣጣው የመጣው ትምህርት ቤት ሲገባ፣ በጠዋት መነሳት ግድ ሲሆን ነው። ልጁ ያው ነው፤ የተለወጠው የሚጠበቅበት ነገር ነው።

ስለዚህ እባካችሁ፣ ከታላቁ ጋር አታወዳድሩት። ድግስ ስትሄዱ ሰው ሳይበዛ ቀደም ብላችሁ ድረሱ፤ ቤቱን ይልመደው። ጭን ላይ ሆኖ እጅ ቢነሳም ሰላምታ ነው። ነጭናጫ ልጅ ያላችሁ ደግሞ ሌሊቱን ተራ ግቡ። እንቅልፍ ያጡ ባልና ሚስት ይጣላሉ፤ ጭቅጭቁ ልጁን ይበልጥ ያስለቅሰዋል፤ ለቅሶው መልሶ እነሱን ያጣላል። ይህን በብዙ ቤት አይቻለሁ፤ አንጀቴን ይበላኛል። አያቶችም «ባለጌ» የምትለዋን ቃል ተዉለት። ያፈረ ልጅ ባለጌ አይደለም።

ያ ልጅ ግማሽ ሰዓት ካለፈ በኋላ ነጠላውን ለቀቀ። የጠራው የለም። አንድ ሽማግሌ አጠገብ ሄዶ ተቀመጠ፤ ከድፎ ዳቦው እየቆረሰ ያጎርሳቸው ጀመር።

አመሰግናለሁ።