ለቤተሰብ ሥጋ የሚታደን አጋዘን፦ የአድማጮች ጥያቄና መልስ

ለቤተሰባቸው ሥጋ ሲሉ አጋዘን የሚያድኑ አድማጮች በስልክ ላቀረቧቸው ጥያቄዎች አንድ የእንስሳት ሐኪምና የሥጋ ንጽሕና ባለሙያ የሰጡት መልስ ቀጥሎ ቀርቧል።

ጥያቄ፦ የሴቷ ሥጋ ከወንዱ ይጣፍጣል?

መልስ፦ ከፆታው ይልቅ ዕድሜውና ሥጋው የቀዘቀዘበት ፍጥነት ይበልጣል። ሙቀቱን ቶሎ ያውጡለት።

ጥያቄ፦ አመሻሽ ላይ የጣልኩትን አጋዘን፣ ሌሊቱ ብርዳማ ስለሆነ፣ ሆዱን ሳልከፍት አሳድረዋለሁ። ጉዳት አለው?

መልስ፦ አዎን፣ ትልቅ ጉዳት አለው፤ ይህን ልማድ ስንቴ እንደተቃወምኩት ቆጥሬ አልጨርሰውም። ብርዱ ከውጭ ነው፣ ሙቀቱ ግን ከውስጥ። የአጋዘን የክረምት ጠጉር ውስጡ ክፍት ሆኖ አየር ስለሚይዝ፣ በሕይወት ሳለ ከውርጭ የጠበቀው ያው ካባ ከሞተ በኋላ 38 ዲግሪ ገደማ የሆነውን የሰውነቱን ሙቀት አፍኖ ያስቀረዋል። በጨጓራው ያለው ሣርና ቅጠልም እንስሳው ስለሞተ መብላላቱን አያቆምም፤ ጋዙ ሆዱን ይነፋዋል፣ የአንጀቱ ባክቴሪያም ወደ ሥጋው ይዘልቃል። ጠጉሩ ላይ አመዳይ የጋገረበት አጋዘን ጠዋት ሲከፈት እንፋሎት ሲወጣው አይቻለሁ፤ ታፋው እስከ ዳሌው አጥንት ሲሰነጠቅ በአጥንቱ ዙሪያ ያለው ሥጋ ወደ አረንጓዴ ያደላና የሚኮመጥጥ ሽታ ያለው ነበር። እንዲህ ያለውን ሥጋ ሆምጣጤም ቅመምም አያድነውም፤ ማብሰል ባክቴሪያውን ቢገድለውም አንዳንዱ መርዝ እሳትን ይቋቋማል። ስለዚህ እንስሳው መሞቱን እንዳረጋገጡ ጨጓራውንና ፊኛውን ሳይበሱ ሆድ ዕቃውን ያውጡ፣ ደረቱን በእንጨት ከፍተው አየር ያስገቡለት፣ ሥጋውንም በተቻለ ፍጥነት ከ4 ዲግሪ በታች ያድርሱት። ጨልሞ ሊከፍቱት የማይችሉ ከሆነ፣ እባክዎ፣ አይተኩሱ።

ጥያቄ፦ ጥይት የመታውን ቦታ ቆርጬ ከጣልኩ የቀረውን ለልጆች ብሰጥ ምን አለበት?

መልስ፦ ጥይቱ የእርሳስ ከሆነ ይህ ብቻውን አይበቃም። እርሳስ አጥንት ሲመታ ይሰባበራል፤ ለዓይን የማይታይ፣ ለጥርስም የማይሰማ ብናኙ ከቁስሉ ብዙ ሳንቲሜትር ርቆ ይበተናል፣ ሥጋው ሲፈጭ ደግሞ ከሁሉም ጋር ይደባለቃል። ለሕፃን አእምሮ ጉዳት የለውም የሚባል የእርሳስ መጠን አይታወቅም። የመዳብ ጥይት ይጠቀሙ፤ እስካሁን ልጆችዎን እንዲህ ያለ ሥጋ ደጋግመው መግበው ከሆነ ወደ ሐኪም ወስደው ደማቸውን ያስመርምሩ።

ጥያቄ፦ የተፈጨው ሥጋ እስከ ምን ድረስ ይብሰል?

መልስ፦ መሐሉ 71 ዲግሪ እስኪደርስ። አስቀድሞ በወቅቱ ያልቀዘቀዘን ሥጋ ግን እሳት አይመልሰውም።

ጥያቄ፦ የመታሁት አጋዘን በጣም የከሳና ምራቁን የሚያዝረበርብ ነበር። በደንብ ቢበስል ይበላል?

መልስ፦ አይበላም። በ1967 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ ኮሎራዶ ግዛት ለመጀመሪያ ጊዜ የታየ፣ አጋዘንን እያመነመነ የሚገድል የአንጎል በሽታ አለ፤ መንስኤው ፕሪዮን የሚባል የተበላሸ ፕሮቲን ስለሆነ ማብሰልም ማቀዝቀዝም አያጠፋውም። ወደ ሰው መተላለፉ እስካሁን ባይረጋገጥም የጤና ተቋማት በበሽታው የተያዘ እንስሳ እንዳይበላ ይመክራሉ። የእርስዎ አጋዘን ይኸው በሽታ ይኑረው ወይም ሌላ፣ በስልክ ልነግርዎ አልችልም። አንጎሉንና አከርካሪውን አይንኩ፤ ለአካባቢዎ የዱር እንስሳት ባለሥልጣን ወይም ለእንስሳት ሐኪም ዛሬውኑ ያሳውቁ።