ሳይዘምት «ዘማች ነኝ» ያለ ሰው ይከሰሳል?

ከቨርጂኒያ የደወሉ አድማጭ፦ «ሥራ ቦታችን አንድ ሰው አለ። ኢራቅ ዘምቼ ሜዳሊያ ተሸልሜያለሁ ይላል። ውሸቱን እንደሆነ አውቃለሁ። አሜሪካ ውስጥ ይህ ወንጀል አይደለም እንዴ?»

ወንድሜ፣ ማውራቱ ብቻውን አያስከስስም። ድሮ ያስከስስ ነበር። በ2006 መጨረሻ የጸደቀው የፌዴራል ሕግ፣ ያልተሸለሙትን ሜዳሊያ ተሸልሜያለሁ ማለትን ራሱን ወንጀል አድርጎት ነበር።

ያንን ሕግ የጣለው ከካሊፎርኒያ የመጣ ክርክር ነው። ዣቪየር አልቫሬዝ የአንድ የውሃ ቦርድ ተመራጭ ነበር። በ2007 ስብሰባ ላይ ራሱን ሲያስተዋውቅ «25 ዓመት ማሪን ነበርኩ፤ በ1987 የክብር ሜዳሊያ ተሸልሜያለሁ» አለ። ሜዳሊያው ቀርቶ ውትድርናውም አልነበረም። ተከሰሰ። በ2012 ግን ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ 6 ለ 3 ሕጉን ሻረው። ንግግር ውሸት ስለሆነ ብቻ ቅጣት አይገባውም፣ የመናገር ነጻነትን ይነካል አለ።

በጦር ሜዳ ለቆሰለ ሰው ይህ መራራ ነው። እኔም ያመኛል። ቢሆንም ፍርዱ ትክክል ነበር እላለሁ። ምሳ ሰዓት ላይ የተነዛ ጉራ ሁሉ ካሳሰረ፣ ነገ ማን እንደሚታሰር አናውቅም።

ኮንግረሱ ሕጉን አርሞ በ2013 መለሰው። አሁን ዓቃቤ ሕግ ሰውየው ገንዘብ፣ ንብረት ወይም ሌላ የሚጨበጥ ጥቅም ለማግኘት ብሎ መዋሸቱን ማስረዳት አለበት። ቅጣቱ እስከ 1 ዓመት እስራት፣ መቀጮ ወይም ሁለቱም ነው። ገንዘቡ እጁ እስኪገባ አይጠበቅም። ለዚያ ብሎ መዋሸቱ በቂ ነው።

ከዳላስ፦ «ሜዳሊያ ሳይጠራ ወታደር ነበርኩ ብቻ ቢልስ?»

የፌዴራሉ ሕግ የሚያወራው እንደ ሲልቨር ስታርና ፐርፕል ኸርት ስላሉ ሽልማቶች ነው። የቀረውን ብዙ ክፍለ ግዛቶች በራሳቸው ሕግ ሸፍነዋል። እርስዎ ባሉበት ቴክሳስ፣ በሐሰተኛ የውትድርና ማስረጃ ሥራ ወይም የሥራ እድገት ለማግኘት መሞከር ወንጀል ነው።

ከሜሪላንድ፦ «ቤተ ክርስቲያናችን መጥቶ የቆሰልኩ ወታደር ነኝ፣ መዋጮ ሰብስቡልኝ የሚል ሰው አለ። እንዴት እናጣራ?»

እህቴ፣ ገንዘቡ ከመሰብሰቡ በፊት መጠየቅዎ ጥሩ ነው። ዲዲ-214 የሚባለውን የስንብት ወረቀት ያሳያችሁ። ተራ ቁጥር 13 ላይ ሜዳሊያዎቹ ተዘርዝረዋል። ቆስሎ ፐርፕል ኸርት ተሸልሜያለሁ ካለ እዚያ መኖር አለበት። ቅጂው በኮምፒውተር ሊነካካ ስለሚችል፣ ከተጠራጠራችሁ ሴንት ሉዊስ ያለውን ብሔራዊ የሠራተኞች መዝገብ ማዕከል ጠይቁ። የአገልግሎት ዘመንን፣ ማዕረግንና ሽልማትን ለጠየቀ ሁሉ ይሰጣል።

አንድ ነገር ግን አደራ። በ1973 ማዕከሉ ተቃጥሎ ከ16 እስከ 18 ሚሊዮን የሚሆን ፋይል ወድሟል። አብዛኛው ከ1960 በፊት የተሰናበቱ የምድር ጦር አባላት መዝገብ ነበር። የተቃጠለውን ማዕከሉ ከድሮ የደመወዝ ሰነድ ለማሟላት ይሞክራል። ስለዚህ ሰውየው በዕድሜ የገፉ አባት ከሆኑና «መዝገብ አልተገኘም» የሚል መልስ ከመጣ፣ ምእመናን ፊት ውሸታም እንዳትሏቸው። ደብዳቤም ሆነ የደመወዝ ወረቀት፣ ሌላ ማስረጃ እንዳላቸው ለብቻቸው ጠይቋቸው።