የሚጨምር እንጂ የሚቀንስ የለም

ሰላም፣ እንዴት ሰነበታችሁ። ዛሬ እንግዳ የለኝም፤ ብቻዬን ነኝ። ትንሽ ስነጫነጭ ከሰማችሁኝም ቻሉኝ።

ማውራት የፈለግሁት ስለ መውደቅ ነው። ስለ አዛውንቶች መውደቅ። አንድ ትልቅ ሰው ወደቁ ሲባል ምን እንደምንል አስተውላችሁ ታውቃላችሁ? «አይ እርጅና!» እንላለን። ወይ ምንጣፉን እንረግማለን፣ ወይ ጫማውን። ከዚያ «ተጠንቀቁ እንጂ» ብለን እናልፋለን። «ምን ምን መድኃኒት ነው የሚወስዱት?» ብሎ የሚጠይቅ ግን እምብዛም የለም።

ነገሩ ቀላል አይደለም። 65 ዓመት ከሞላቸው ሰዎች ከሦስቱ አንዱ ገደማ በዓመት ውስጥ ቢያንስ አንድ ጊዜ ይወድቃል። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚገምተው በመላው ዓለም በየዓመቱ 684,000 ያህል ሰው በመውደቅ ሳቢያ ይሞታል። ሳይታሰብ ከሚደርሱ አደጋዎች ውስጥ ከመኪና አደጋ ቀጥሎ ብዙ ሰው የሚገድለው ይኸው ነው። ከሟቾቹም አብዛኞቹ በዕድሜ የገፉ ናቸው። የዳሌ አጥንት ተሰብሮባቸው እንደ ድሮው መራመድ ያቃታቸውን ብንጨምር ደግሞ ቁጥሩ የት በደረሰ።

እኔን ወደዚህ ነገር ያስገባኝ የአክስቴ መውደቅ ነው። ሌሊት ከአልጋ ተነስተው ወደ ሽንት ቤት ሲሄዱ ወደቁ። ደግነቱ አልተሰበሩም። ያየናቸው ሰዎች ሁሉ መብራት አስገቡላቸው፣ ምንጣፉን አንሱላቸው አሉን። ጥሩ ምክር ነው፣ አደረግነው። ግን አንድ ጥያቄ ከአእምሮዬ አልወጣ አለ። እኚህ ሴት ለምንድን ነው ሌሊቱን ሙሉ ሽንት ቤት የሚመላለሱት?

እስቲ ከደም ግፊት ልጀምር። ከተኛንበት ብድግ ስንል ደም ወደ እግራችን ይወርዳል። ያን ጊዜ የደም ሥሮቻችን ይጠባሉ፣ ልብም ፈጠን ይላል፤ ስለዚህ ጭንቅላታችን ደም አይቸግረውም። ዕድሜ ሲገፋ ይሄ ሥራ ይዘገያል። በዚያ ላይ የግፊት መድኃኒት አለ፣ ሽንት የሚያበዛ መድኃኒት አለ፣ ወንዶች ለፕሮስቴት የሚወስዱት እንደ ዶክሳዞሲን ያለ ክኒን አለ። ሁሉም ግፊቱን ወደ ታች ይጎትቱታል። ሰውየው ይነሳል፣ ዓይኑ ብዥ ይልበታል፣ ግድግዳ ይፈልጋል። በቆምን በሦስት ደቂቃ ውስጥ የላይኛው ቁጥር በ20፣ ወይም የታችኛው በ10 ከወረደ ሐኪሞች ራሱን የቻለ ችግር ብለው ይይዙታል።

እኔን የሚያናድደኝ ግን ግፊት የሚለካው አብዛኛውን ጊዜ ቁጭ ተብሎ መሆኑ ነው። «ግፊትዎ በጣም ጥሩ ነው» ይባላሉ። ቁጭ ብለው ነዋ! ሰው የሚወድቀው ሲነሳ ነው። አስተኝቶ ለክቶ፣ ከዚያ አስቁሞ መልሶ መለካት ጥቂት ደቂቃ ቢፈጅ ነው፤ ሆኖም ብዙ ቦታ ይዘለላል። እናንተ ጠይቁ። «አስቁመውም ይለኩልኝ» ማለት ነውር የለውም።

አሁን ወደ ሽንት ቤቱ ጥያቄ ልመለስ። አምሎዲፒን የሚባል በጣም የተለመደ የግፊት መድኃኒት አለ። ጥሩ መድኃኒት ነው። አንዳንዱን ሰው ግን ቁርጭምጭሚቱን ያሳብጠዋል። እብጠቱን ያየ ሌላ ሐኪም ውኃ የያዘ ይመስለውና ሽንት የሚያበዛ ክኒን፣ ፍሮሴማይድ ይጽፋል። ፍሮሴማይዱ ሽንት ቤት ያመላልሳል፣ ግፊቱንም ይብስ ያወርደዋል። ከዚያ ማዞር ይመጣል፣ ለማዞሩም ሌላ ክኒን ይታዘዛል። ፖላ ሮቾን እና ጄሪ ጉርዊትዝ የተባሉ ተመራማሪዎች ይህን አካሄድ በፈረንጆቹ ከ1990ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ ሲጽፉበት ኖረዋል። የአንዱ መድኃኒት የጎንዮሽ ጉዳት እንደ አዲስ በሽታ ይቆጠርና አዲስ መድኃኒት ይታዘዝለታል። የአክስቴን ማዘዣዎች በየቀናቸው ደርድሬ ሳያቸው፣ ቅደም ተከተሉ ልክ ይሄው ነበር። መጀመሪያ አምሎዲፒን፣ ቀጥሎ እግራቸው አበጠ፣ ከዚያ ፍሮሴማይድ፤ እሱንም የሚወስዱት ማታ ነበር። ማታ!

ደግሞ የእንቅልፍ ክኒን አለ። ይሄ ሰፊ ጉዳይ ስለሆነ ትንሽ ልቆይበት። ዲያዜፓምን ውሰዱ። ማለቴ፣ ለምሳሌ ውሰዱ፤ እንዳትወስዱት! ዲያዜፓም ስብ ውስጥ የሚከማች መድኃኒት ነው። ዕድሜ ሲጨምር በሰውነታችን ያለው የስብ ድርሻ ይጨምራል፣ ጉበትም ሥራው ይዘገያል። ስለዚህ አንድ ሽማግሌ የዋጡት ክኒን ግማሹ ብቻ ከሰውነት እስኪወጣ ቀናት ሊወስድ ይችላል። እሳቸው ግን በየማታው ይውጣሉ። የዛሬው በትናንቱ ላይ፣ የትናንቱ በከትናንት ወዲያው ላይ ይደራረባል። ቀኑን ሙሉ እግራቸው ከባድ፣ ሐሳባቸው ደብዛዛ ይሆናል። እኛ ደግሞ «አርጅተዋል» እንላለን።

አዲሶቹ የእንቅልፍ መድኃኒቶችም ንጹሕ አይደሉም። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን በፈረንጆቹ 2013 ለሴቶች የሚታዘዘው የዞልፒደም መጠን ከ10 ሚሊ ግራም ወደ 5 እንዲወርድ አዟል። ጠዋት ላይም መድኃኒቱ ገና ከደማቸው ስላልወጣ ነው። ማርክ ቢርስ የተባለ ሐኪም በፈረንጆቹ 1991 የጀመረው፣ አዛውንቶች ቢሸሿቸው የሚሻሉ መድኃኒቶች ዝርዝር አለ። አሁን የአሜሪካ የአዛውንቶች ሕክምና ማኅበር ያድሰዋል፤ በ2023ም ታድሷል። የዲያዜፓም ቤተሰብ እስካሁን ከዝርዝሩ አልወጣም።

ሌሎቹን ቶሎ ልለፋቸው። አሚትሪፕቲሊን ለነርቭ ሕመምም ለእንቅልፍም ይታዘዛል፤ ያደነዝዛል፣ ግፊትም ያወርዳል። ግሊቤንክላማይድ የሚባለው የስኳር ክኒን ምግብ ሲዘለል ስኳርን ከልክ በታች ይጥላል። ያለማዘዣ የሚሸጡት የጉንፋንና የአለርጂ ክኒኖች፣ እነ ክሎርፌኒራሚን፣ ለወጣት እንቅልፍ ብቻ ናቸው፤ ለ80 ዓመት ሰው መደናገርም ሊያመጡ ይችላሉ። እኔን ያስደነቀኝ ግን የዓይን ጠብታ ነው። ለግላኮማ የሚሰጠው ቲሞሎል ከዓይን ወደ ደም ገብቶ የልብ ምትን ሊያዘገይ ይችላል። ጠብታን ማን መድኃኒት ብሎ ይቆጥረዋል?

እዚህ ላይ ተንፈስ ልበልና የሚቆጨኝን ልናገር። የልብ ሐኪሙ ለልብ ይጽፋል። የዓይኑ ለዓይን። የመገጣጠሚያው ለሕመም። እያንዳንዱ ማዘዣ ለብቻው ሲታይ ትክክል ነው። የሁሉም ጭነት የሚያርፍበት ጀርባ ግን አንድ ነው። የሚጨምር እንጂ የሚቀንስ የለም። ሌላው የጻፈውን መንካት ሐኪሙን ይከብደዋል፣ ቤተሰብም «ሐኪም ያዘዘውን» ይላል።

ታዲያ «ሁሉንም ጣሉት» እያልኩ አይደለም። ኧረ በፍጹም! ግፊት ካልታከመ ስትሮክ አለ። ሕመም ካልታከመ ራሱ ሰው ይጥላል። ዲያዜፓምን ደግሞ ብዙ ጊዜ የወሰደ ሰው ድንገት ካቆመ እስከሚጥል በሽታ የሚደርስ ነገር ሊመጣበት ይችላል። የሚቀነሰው በሐኪም፣ ቀስ በቀስ ነው። የምለው ይሄን ያህል ነው፦ ቤት ያለውን ሁሉ፣ ጠብታውን፣ ቅባቱን፣ ያለማዘዣ የተገዛውን፣ ባህላዊውንም ሳይቀር በአንድ ከረጢት ጠቅልላችሁ ሐኪም ወይም ፋርማሲስት ጋ ሂዱ። «ይሄ ለምንድን ነው? አሁንም ያስፈልጋል? መቀነስ ይቻላል?» በሉ። መውደቃቸውንም ንገሩ፤ ብዙ አዛውንት ነጻነታችንን ያሳጡናል ብለው ስለሚፈሩ ይደብቁታል።

መቀነስ ይጠቅማል ወይ? በኒውዚላንድ በፈረንጆቹ 1999 የታተመ ትንሽ ጥናት አለ። 93 ሰዎች ናቸው፣ ሁሉም 65 እና ከዚያ በላይ። የእንቅልፍና መሰል ክኒኖቻቸው ቀስ በቀስ በተቀነሰላቸው ሰዎች ላይ መውደቅ በ66 በመቶ ቀነሰ። ደስ ይላል አይደል? ቀጥሎ ያለውን ስሙ። ጥናቱ ካለቀ ከአንድ ወር በኋላ፣ ክኒኑን ካቆሙት ውስጥ ግማሽ የሚጠጉት ተመልሰው ጀምረውታል። አልፈርድባቸውም። እንቅልፍ ማጣትን የሚያውቅ ያውቀዋል።

አክስቴ ዘንድም ጭቅጭቁ ያለው እዚያ ላይ ነው። የፍሮሴማይዱን ነገር ሲሰሙ ግድም አልሰጣቸው። ሐኪማቸው አምሎዲፒኑን በሌላ ለውጦ ፍሮሴማይዱን አቆመላቸው፣ የሌሊት ምልልሱም ቀነሰ። የእንቅልፏ ክኒን ስትነሳ ግን «አንቺ ልጅ፣ እሷን እንኳ ተይልኝ» አሉኝ። «እትዬ፣ እሷ ናት እኮ የምትጥልዎት» ብላቸው፣ «ያለሷ ደግሞ አልተኛም፤ ሌሊቱን አንቺ ታጫውቺኛለሽ?» አሉኝ። ምን ልበል? በመጨረሻ ሩብ ሩብ እየተቀነሰ እንዲሞከር ተስማሙ። አሁን ግማሿ ላይ ደርሰዋል። ባለፈው ሰሞን ሌሊቱን ጣሪያ ሳይ አደርኩ ብለው ሲቆጡኝ ለሐኪማቸው ደወልኩ። እንደገና አይጨምሩ፣ ግን አሁን አይቀንሱም፣ ባሉበት ይቆዩ አለ። ለጊዜው እዚያው ላይ ነን።