ውሃው የት ሄደ?

እንዴት ሰነበታችሁ? ዛሬ እንግዳ የለኝም፤ ብቻዬን ስለ ደንጊ፣ በትንኝ ንክሻ ስለሚተላለፈው የትኩሳት በሽታ፣ ላወራ ነው። ድሬዳዋ ላደገ ሰው ደንጊ የሩቅ ወሬ አይደለም። በ2006 ዓ.ም ከ11,000 በላይ ሰው ታሟል። ትንኟም የምትራባው በየበርሜሉ ባጠራቀምነው ንጹህ ውሃ ነው።

እኔን የሚከነክነኝ ግን ሌላ ነገር ነው። በደንጊ የታመመ ልጅ የሚያሰጋው ትኩሳቱ ሲወርድ ነው! እናት «ተመስገን፣ በረደለት» ስትል፣ በዚያው ከ24 እስከ 48 ሰዓት ድረስ የደም ሥሮቹ ፈሳሽ ሊያሾልኩ ይችላሉ። ፈሳሹ ሳንባው ዙሪያና ሆዱ ውስጥ ይጠራቀማል። ልብ በሉ፣ ከሰውነቱ አልወጣም። ተቅማጥ ቢሆን ኪሎው ይቀንሳል፣ ሚዛን ይናገራል። እዚህ ሚዛኑ ዝም ነው።

ሐኪሞች በሄማቶክሪት፣ ማለትም ቀይ የደም ሴሎች ከደሙ ምን ያህሉን እንደያዙ በሚያሳይ የደም ምርመራ፣ ይከታተሉታል። ደሙ ሲወፍር ቁጥሩ ይወጣል፤ 20 በመቶ ከጨመረ ፈሳሽ እየሾለከ ነው። ለዚህ ግን ልጁን ደጋግሞ መውጋት ነው። በደም ሥሩ የሚሰጠው ፈሳሽ ካነሰ ሾክ ውስጥ ይገባል፣ ማለትም ደሙ ለሰውነቱ በበቂ አይዳረስም፤ ከበዛ ደግሞ ትንፋሹ ይታፈናል።

እንግዲህ እንደምታውቁት ሥራዬ የሕክምና መሣሪያ ጥገና ስለሆነ፣ ባዮኢምፔዳንስ የሚባለው፣ በትንሽ ኮረንቲ የሰውነትን ውሃ የሚለካ ዘዴ፣ ባንኮክ ውስጥ ደንጊ በያዛቸው ሕጻናት ላይ መሞከሩን ሳነብ ጆሮዬ ቆመ። ሁለት ኤሌክትሮድ እጅ ላይ፣ ሁለት እግር ላይ ይለጠፋል፤ ልጁ የማይሰማው ትንሽ ኮረንቲ ያልፋል። ፍሪኩዌንሲው፣ ማለትም ኮረንቲው በሰከንድ የሚመላለስበት ብዛት፣ ዝቅ ሲል ኮረንቲው ከሴል ውጭ ባለው ውሃ ብቻ ይሄዳል፤ ከፍ ሲል ሴሉንም ያቋርጣል። ከልዩነቱ ማሽኑ ውሃው በሴል ውስጥና ውጭ እንዴት እንደተከፈለ ይገምታል።

ይገምታል ነው ያልኩት። ደም ሥር ውስጥ ያለውም ከደም ሥር የሾለከውም ውሃ፣ ሁለቱም «ከሴል ውጭ» ናቸው። ማሽኑ አይለያቸውም። ከእጅ እስከ እግር ሲለካ ደግሞ ንባቡን የሚወስኑት ቀጫጭኖቹ እጅና እግር ናቸው፤ ደረትና ሆድ፣ ፈሳሹ የሚጠራቀምበት ቦታ፣ ድርሻቸው ትንሽ ነው። ስለዚህ አንድ ጊዜ ለክቶ «ይሄ ልጅ ደህና ነው» ማለት አልደፍርም። ሳይወጉ ደጋግሞ ለክቶ አካሄዱን ማየት ግን፣ ከሄማቶክሪቱ ጎን፣ ይጠቅማል ባይ ነኝ።

እኔ የምፈራው ማሽኑን አይደለም፣ የሚለጠፈውን ኤሌክትሮድ ነው። አንዴ ተለጥፎ ይጣላል። ማሽን በእርዳታ ይመጣል፤ ኤሌክትሮዱ ሲያልቅ ግን ማን ይገዛል? በዚህ ምክንያት ብቻ መጋዘን የገቡ ደህና ማሽኖች አይቻለሁ።