ርዕሰ መስተዳድሩ ተጠሪነቱ ለዚህ ምክር ቤት ነው

ክቡር አፈ ጉባኤ፣ ክቡራትና ክቡራን የክልሉ ምክር ቤት አባላት፣

የተጋበዝሁት ሕገ መንግሥቱ ለክልል ርዕሰ መስተዳድር ስለሚሰጠው ሥልጣንና ስለሚጥልበት ግዴታ እንድናገር ነው። ሥልጣኑ ቀላል አይደለም። በአንቀጽ 52 ለክልሎች የተሰጠውን ተግባር፣ ማለትም በጀትን ማስፈጸም፣ መሬትን በፌዴራል ሕግ መሠረት ማስተዳደር፣ ፖሊስ አደራጅቶ ጸጥታን ማስከበር፣ በየዕለቱ የሚመራው እርሱ ነው። የተፈጥሮ አደጋ ወይም ወረርሽኝ ሲከሰት በክልል ደረጃ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ የመደንገግ ሥልጣንም በአንቀጽ 93 ለክልል መስተዳድር ተሰጥቷል።

ይህ ሁሉ ግን በእናንተ ውክልና የሚሠራበት ነው። አንቀጽ 50 የክልሉ ከፍተኛ የሥልጣን አካል ምክር ቤቱ መሆኑን፣ ተጠሪነቱም ለክልሉ ሕዝብ መሆኑን ይደነግጋል፤ መስተዳድሩ ከፍተኛ የአስፈጻሚነት አካል ነው። ርዕሰ መስተዳድሩን ሕዝቡ በቀጥታ አልመረጠውም፤ የሰየማችሁት እናንተ ናችሁ።

እኔ በአባልነት በነበርሁበት ዘመን የሆነውን ከመካከላችሁ የሚያስታውሱ አሉ። የበጀት ረቂቁ ጠዋት በር ላይ ታደለን፤ ከሻይ ዕረፍት በፊትም ይጽደቅ ተባለ። አንድ አዛውንት አባል ከኋላ ተነሥተው፣ ባለፈው ዓመት ለወረዳቸው መንገድ የጸደቀው ገንዘብ የት እንደገባ ጠየቁ። የጊዜው ርዕሰ መስተዳድር ገንዘቡ ለአጣዳፊ ሥራ መዛወሩን፣ ዝርዝሩም ወደፊት በሪፖርት እንደሚቀርብ መለሱ። አዛውንቱ ግን አልተቀመጡም፤ «ማን ፈቅዶ አዛወረው? እኛ እጃችንን ያወጣነው ለመንገዱ ነው» አሉ። አዳራሹ ሳቀ። ሰዓት ሄዷል ተብሎ ወደ ድምፅ ተገባ፤ የተቃወሙት እርሳቸው ብቻ ነበሩ። ሪፖርቱም የሥራ ዘመናችን እስኪያበቃ ድረስ አልመጣም።

የአንድ ሰው አመል ቢሆን ኖሮ ከሰውየው ጋር በሄደ ነበር። ሰዎቹ ተቀያየሩ፣ ልማዱ ግን ቀረ። በሕግ ከተፈቀደው ዝውውር ውጭ ያጸደቃችሁትን በጀት በደብዳቤ የሚያጥፍ ኃላፊ ሥራ እያቀላጠፈ አይደለም፤ የእናንተን ሥልጣን እየወሰደ ነው! ያንኑ ሰው አጨብጭባችሁ ስትሸኙት ደግሞ የተወሰደባችሁን ሥልጣን መርቃችሁ ትሰጡታላችሁ!

ስለ ሹመትም አንድ ነገር ልበል። የክልሉን ጠቅላይ ፍርድ ቤት ፕሬዚዳንት መስተዳድሩ ያቀርባል፣ ምክር ቤቱ ይሾማል፤ አንቀጽ 81 ከዚህ ያለፈ አልፈቀደም። አንቀጽ 12ም ኃላፊነቱን ያጓደለ ማንኛውም ኃላፊ ተጠያቂ እንደሚሆን ሲደነግግ ርዕሰ መስተዳድሩን ለይቶ አላወጣም።

የበጀት ጉባኤያችሁ ተቃርቧል። ረቂቁ አስቀድሞ ለቋሚ ኮሚቴው ይመራ፤ የዓመቱ የበጀት ዝውውርም ማን እንደፈቀደው ተጽፎ አብሮ ይቅረብ። ይህ ካልተሟላ በጀቱ በአጀንዳነት እንዳይያዝ አሁኑኑ፣ ርዕሰ መስተዳድሩ ባሉበት፣ እንድትወስኑ እጠይቃለሁ።