38 ዓመት ከአንድ የሴቶች ቡድን ጋር፦ የዓመታዊ ጉባኤ የመክፈቻ ንግግር

የተከበራችሁ የማኅበራችን አባላት፣ አሰልጣኞች፣ ወላጆች፣ ከሌላ ከተማ ነድታችሁ የመጣችሁ እንግዶቻችን፣ ከኋላ የተቀመጣችሁ ልጆቻችን፤ እንኳን ደህና መጣችሁ። እንኳን በሰላም ተገናኘን።

የዓመቱን ሪፖርት ዋና ጸሐፊያችን ያቀርቡላችኋል። ሒሳቡን ደግሞ ገንዘብ ያዣችን። ስለዚህ እኔ እዚያ ውስጥ አልገባም። የመክፈቻውን ሰዓት ስለ አንዲት ሴት በማውራት ላሳልፈው ፈልጌአለሁ። ምክንያት አለኝ። ባለፉት ወራት ከብዙዎቻችሁ ጋር ስንነጋገር አንድ ነገር ደጋግሞ ይነሳ ነበር። የሴት ልጆቻችንን ቡድኖች የሚይዙ አሰልጣኞች አይቆዩም። ትንሽ ይሠሩና ወደ ወንዶቹ ቡድን ይዛወራሉ፤ ወይ ጨርሰው ይተዉታል። ልጆቹ አንዱን ለመዱ ሲሉ ሌላ ሰው ይመጣባቸዋል። ይህ ነገር እንቅልፍ ይነሳኛል።

ስለ ፓት ሰሚት ልነግራችሁ ነው። የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው። ፓት የቴነሲ ዩኒቨርሲቲን የሴቶች ቅርጫት ኳስ ቡድን ከ1974 እስከ 2012 አሰልጥናለች። 38 የውድድር ዘመን። 1,098 ጊዜ አሸንፋ 208 ጊዜ ተሸንፋለች። 8 ጊዜ የአገሪቱን የኮሌጆች ሻምፒዮና ወስዳለች። ስትሰናበት በአሜሪካ ኮሌጆች ትልቁ ዲቪዚዮን ውስጥ፣ ከወንድም ይሁን ከሴት ቡድን፣ በድል ብዛት የሚበልጣት አሰልጣኝ አልነበረም። ተጫዋቾቿ ከመጀመሪያው ጀምሮ በስሟ «ፓት» እያሉ ነበር የሚጠሯት። እኔም እንደ እነሱ ልጥራት።

ቁጥሮቹ ትልቅ ናቸው። እኔን የሚገርመኝ ግን የመጨረሻው ቁጥር ሳይሆን የመጀመሪያዎቹ ዓመታት ናቸው። እዚያ ላይ ትንሽ ልቆይ።

በ1974 ፓት 22 ዓመቷ ነበር። ቴነሲ የሄደችው ሁለተኛ ዲግሪዋን እየተማረች በረዳትነት ልትሠራ ነበር። ዋናዋ አሰልጣኝ ቦታውን ስትለቅ ቡድኑ ድንገት እሷ እጅ ላይ ወደቀ። አንዳንዶቹ ተጫዋቾች በአንድ ዓመት ብቻ ነበር የሚያንሷት። ደሞዟ በወር 250 ዶላር። ትማራለች፣ የስፖርት ክፍለ ጊዜ ታስተምራለች፣ ታሰለጥናለች። በዚያ ላይ የጉልበት ጉዳቷን እያስታመመች ለኦሊምፒክ ራሷን ታዘጋጃለች። ወደ ጨዋታ ሲሄዱ ቫኑን የምትነዳው እሷ ናት። ሲመለሱ ማሊያውን የምታጥበው እሷ ናት። ማሊያው ራሱ የተገዛው ዶናት ተሽጦ በተገኘ ገንዘብ ነው። አንድ ጊዜ ለውጪ ጨዋታ ሄደው ማደሪያ ስላልነበራቸው በተጋጣሚያቸው ጂም ውስጥ ፍራሽ አንጥፈው አድረዋል።

የመጀመሪያ ጨዋታዋን ተሸነፈች። 84 ለ 83። በአንድ ነጥብ።

እዚህ አዳራሽ ውስጥ ቅዳሜ ጠዋት የሌሎችን ልጆች ከየቤቱ እየሰበሰበ፣ በራሱ ቤንዚን ጂም የሚያደርስ ሰው ሞልቷል። ከጨዋታ በኋላ ማሊያውን ቤቱ ወስዶ የሚያጥብም አለ። «ይሄ የአሰልጣኝ ሥራ ነው እንዴ?» ብላችሁ ጠይቃችሁኛል። አዎ፣ ነው። በኮሌጅ ስፖርት ታሪክ ትልቅ ስም ካላቸው አሰልጣኞች አንዷ የጀመረችው ከዚያው ነው። ልዩነቱ፣ እሷ አልተወችውም።

ዋንጫውም ቶሎ አልመጣም። የመጀመሪያውን ብሔራዊ ሻምፒዮና ያገኘችው በ1987፣ በ13ኛ የውድድር ዘመኗ ነው። ኦስቲን ላይ ሉዊዚያና ቴክን 67 ለ 44 አሸንፋ። ከዚያ በፊት እስከ መጨረሻዎቹ አራት ቡድኖች እየደረሰች ስንት ጊዜ ባዶ እጇን ተመልሳለች። እኛ ብንሆን ኖሮ በሦስተኛው ዓመት «ይቺ አሰልጣኝ ዋንጫ አታመጣም» ብለን አሰናብተናት ነበር። ይህን የምለው የማኅበራችንን ቦርድ ጨምሬ ነው። ሰው እንዲቆይ ከፈለግን ጊዜ መስጠት አለብን።

አሁን ወደ ወላጆች ልዙር። ፓት ያደገችው ቴነሲ ገጠር ውስጥ፣ እርሻ ላይ ነው። ከአምስት ልጆች አራተኛዋ ስትሆን፣ ሦስቱ ታላላቆቿ ወንዶች ናቸው። ላም አልባለች፣ ትምባሆ ቆርጣለች፣ ድርቆሽ አስራለች። ማታ ማታ ወንድሞቿ ድርቆሽ የሚከመርበት ሰገነት ላይ ቅርጫት ሰቅለው አብረው ይጫወቱ ነበር። ወንድሞቿ ቢሆኑም የሚራሩላት አልነበሩም። ሁለተኛ ደረጃ ስትደርስ በአካባቢዋ ያለው ትምህርት ቤት የሴቶች ቡድን አልነበረውም። አባቷ ምን አደረገ? ቤተሰቡን ይዞ የሴቶች ቡድን ያለው ትምህርት ቤት ወዳለበት ወረዳ ሄደ። ልጁ እንድትጫወት ብሎ ቤት ቀየረ። ደግሞ ብዙ የማያወራ፣ ሥራ ብቻ የሚያውቅ ጠንካራ ገበሬ ነበር። ልጁን ያቀማጠለ አባት አልነበረም።

ኮሌጅ ስትገባ ወንድሞቿ የስፖርት ስኮላርሺፕ አግኝተው ነበር። ለእሷ ግን ወላጆቿ ከኪሳቸው ከፈሉ። ለሴት የሚሰጥ የስፖርት ስኮላርሺፕ አልነበረማ። በትምህርት ቤቶች የጾታ አድልዎን የሚከለክለው ሕግ፣ ብዙዎቻችሁ የምታውቁት ታይትል ናይን፣ የወጣው በ1972 ነው። እሷ ገና ተማሪ ሳለች። ዛሬ ልጆቻችን በስኮላርሺፕ የሚማሩት ይህ ሕግ ስላለ ነው። ሕጉ ብቻውን ግን ቫን አይነዳም። ብሔራዊው የኮሌጆች ስፖርት ማኅበር ራሱ የሴቶችን የቅርጫት ኳስ ሻምፒዮና ማካሄድ የጀመረው ከአሥር ዓመት በኋላ፣ በ1982 ነው። ያንን አሥር ዓመት የሞሉት እንደ ፓት ያሉ በ250 ዶላር የሚሠሩ ሰዎች ናቸው።

ወላጆች ሁልጊዜ የምታነሱት ጥያቄ አለ። «ልጄ ኳስ ስትል ትምህርቷን ብታጣስ?» ትሉኛላችሁ። ጥያቄው ትክክል ነው። ከአገራችን ተሰደን የመጣነው ልጆቻችን እንዲማሩ ነው። የፓት መልስ ግልጽ ነበር። ክፍል ያልገባች ተጫዋች ሜዳ አትገባም። ቀልድ የለም። ክፍል ውስጥ ደግሞ ከፊት ባሉት ሦስት ረድፎች ነው የምትቀመጡት ትላቸዋለች። ከኋላ ተደብቆ ማንቀላፋት የለም። በ38 ዓመት ውስጥ የመጫወቻ ዘመኗን ቴነሲ ውስጥ የጨረሰች ተጫዋች ሁሉ ዲግሪዋን ይዛ ወጥታለች። ሁሉም። ለእኔ ይህ ከ8ቱ ዋንጫ ይበልጣል። እዚህ ላይ ማንም ሊከራከረኝ ቢፈልግ ከምሳ በኋላ ዝግጁ ነኝ።

ስለ ጥንካሬዋ ብዙ ይወራል። በ1976 ሞንትሪያል ላይ፣ የሴቶች ቅርጫት ኳስ ለመጀመሪያ ጊዜ ኦሊምፒክ ሲገባ፣ ተጫዋች ሆና የብር ሜዳሊያ ወሰደች። በ1984 ሎስ አንጀለስ ላይ አሰልጣኝ ሆና ወርቅ። በ1998 ቡድኗ 39 ጨዋታ አድርጎ 39ኙንም አሸነፈ። ከሁሉ የምወደው ታሪክ ግን የ1990ው ነው። ነፍሰ ጡር ናት፣ ቀኗ ደርሷል። እሷ ግን ሚሼል ማርሲኒያክ የምትባል ልጅ ለማስፈረም ፔንሲልቬንያ ሄዳለች። እዚያው ምጥ ጀመራት። በትንሽ አውሮፕላን ወደ ቤቷ ስትመለስ አብራሪዎቹ ቨርጂኒያ ላይ እንረፍ አሏት። አይሆንም አለች። ልጄ የሚወለደው ቴነሲ ነው አለች። ኖክስቪል ደርሳ ወለደች።

የሚገርመው ማርሲኒያክ መጀመሪያ ሌላ ኮሌጅ መረጠች። ፓት ግን ቂም አልያዘችም። ልጅቷ በኋላ ወደ ቴነሲ ተዛወረች። በ1996 ቡድኑ ሻምፒዮን ሲሆን የመጨረሻዎቹ አራት ቡድኖች ውድድር ምርጥ ተጫዋች ተባለች። ሌላ ክለብ የመረጠችብንን ልጅ ሰላም የማንላት አለን። እባካችሁ በሩን ክፍት እንተውላቸው።

ሁሉ ነገሯ ይቀዳ ግን አልልም። ዓይኗ ብቻ ያስፈራ ነበር። ተጫዋቾቿ ስለዚያ ዓይን ዕድሜ ልካቸውን አውርተዋል። በወጣትነቷ ልምምዷ እጅግ ከባድ ነበር፤ ከጊዜ በኋላ ለስለስ ማለቷን ራሷም ተናግራለች። ከእኛ መካከል ጩኸቱን ብቻ የወሰደ ካለ ግማሹን ነው የወሰደው። ሌላው ግማሽ ቤቷ ነበር። ልጆቹ ቤቷ ይመጣሉ፣ እሷ ራሷ ምግብ ሠርታ ታበላቸዋለች። ከተመረቁ በኋላ ትደውላለች፣ ይደውሉላታል። የምትጮኹባት ልጅ እንደምትወዷት ካላወቀች ጩኸቱ ትርፉ ልጅቷን ማባረር ነው።

አሁን ወደተነሳሁበት ጉዳይ ልግባ። ፓት ዝነኛ ከሆነች በኋላ የዩኒቨርሲቲውን የወንዶች ቡድን ትይዝ እንደሆነ ተጠይቃ ነበር። አልፈለገችም። ይህ ለምን እንደ እድገት ይቆጠራል ነበር የእሷ ጥያቄ። የሴቶቹ ቡድን የእሷ ቦታ ነበር፤ ወደ ሌላ ለመሸጋገሪያ አልያዘችውም። ስለቆየችም ቦታው ራሱ አደገ። በጥቂት ተመልካች የጀመረው ቡድን ከ20,000 በላይ ሰው በሚይዝ አዳራሽ መጫወት ጀመረ። በ250 ዶላር የጀመረችው ሴት በ2006 ደሞዟ በዓመት ከአንድ ሚሊዮን ዶላር አለፈ። በሴቶች ቅርጫት ኳስ የመጀመሪያዋ ነበረች። ወንዶቹ ዘንድ ሄዳ አይደለም ይህን ያገኘችው።

ነሐሴ 2011 ላይ፣ በ59 ዓመቷ፣ የአልዛይመር ዓይነት የመርሳት ሕመም እንዳለባት ለሕዝብ ተናገረች። ልትደብቀው ትችል ነበር። አልደበቀችም። አንድ የውድድር ዘመን ጨምራ ሠራች፤ ረዳቶቿ ብዙውን ሸክም ተሸከሙላት። በሚያዝያ 2012 ቦታውን ለሆሊ ዋርሊክ አስረከበች። ሆሊ የፓት ተጫዋች የነበረች፣ ከዚያ ለ27 ዓመት ረዳቷ የሆነች ሴት ናት። ሌሎችም ብዙ ተጫዋቾቿ አሰልጣኝ ሆነዋል። በስሟ ሕመሙን የሚዋጋ ፋውንዴሽን አቋቋመች። የሜዳ ላይ ኃይለኛ ተቀናቃኟ የነበረው የኮኔቲከት ዩኒቨርሲቲው አሰልጣኝ ጂኖ ኦሪየማ ለዚያ ፋውንዴሽን 10,000 ዶላር ሰጠ። በሰኔ 2016፣ በ64 ዓመቷ አረፈች። በድል ብዛት ክብረ ወሰኗ በ2020 በስታንፎርዷ ታራ ቫንደርቪር ተሰብሯል። ታራም የሴቶች አሰልጣኝ ነበረች። እሷም አንድ ቦታ ለረጅም ዓመታት የቆየች ናት።

እንዲህ ያለው ሰው እኛም ዘንድ አለ። በቆጂ ላይ አሰልጣኝ ስንታየሁ እሸቱ አሉ። ደራርቱ ቱሉ፣ ጥሩነሽ ዲባባ፣ ቀነኒሳ በቀለ በልጅነታቸው በእሳቸው እጅ አልፈዋል። ልጆቹ ወደ አዲስ አበባ፣ ከዚያም ወደ ዓለም ሄዱ። እሳቸው ግን እዚያው ቀጣዮቹን ልጆች ይዘው ቀሩ። ስለዚህ መቆየት የፈረንጅ ጠባይ ነው የሚለኝ ሰው ካለ አልቀበለውም።

የዛሬው ጉባኤ ሦስት ሐሳቦች ይቀርቡለታል። አንደኛው፣ የሴት ልጆች ቡድን የሚይዝ አሰልጣኝ ቢያንስ ለአራት ዓመት ቃል እንዲገባ፣ ማኅበሩም በበኩሉ በውጤት ምክንያት ብቻ በዚያ ጊዜ ውስጥ እንዳያነሳው። ሁለተኛው፣ ቤንዚንና የማሊያ ወጪ ከአሰልጣኙ ኪስ ወጥቶ ወደ ማኅበሩ በጀት እንዲገባ። ፓት ያንን ሁሉ ተሸክማለች ማለት እናንተም ተሸከሙ ማለት አይደለም። ሦስተኛው፣ ትልልቅ ሴት ልጆቻችን ታናናሾቻቸውን በረዳትነት እንዲያሰለጥኑ ሥልጠና እንዲያገኙ። ከኋላ የተቀመጣችሁት ልጆች፣ ይህ እናንተን ይመለከታል፤ ሲወያዩ እጃችሁን አውጡ፣ ተናገሩ።

የመጀመሪያው ሐሳብ እንደሚያከራክር አውቃለሁ። አራት ዓመት ይበዛል የምትሉ አላችሁ፤ ሐሳባችሁን መስማት እፈልጋለሁ። ረቂቁ በእጃችሁ አለ። ጉባኤው መከፈቱን አብስራለሁ። ዋና ጸሐፊያችን፣ ወደ መድረኩ ይምጡልን።