አንድ ኩባያ ዱቄት ስንት ግራም ነው?

[ምስል፦ ሁለት አንድ ዓይነት ኩባያዎች፣ በመሃል ዲጂታል ሚዛን]

ጤና ይስጥልኝ! ዛሬ ድፎ ዳቦ ጋጋሪዎችን የሚያናድድ ነገር ይዤ መጥቻለሁ። አሠራሩ ያው፣ ዱቄቱ ያው። ባለፈው ለስለስ ያለ ዳቦ ወጣ፣ ዛሬ ደርቆ ቁጭ አለ። እጃችሁን አትጠራጠሩ። ችግሩ ኩባያው ላይ ነው።

እዩት። ይሄ የአሜሪካ መለኪያ ኩባያ ነው፤ 240 ሚሊ ሊትር ገደማ ይይዛል። አንደኛውን ዱቄቱ ውስጥ ከትቼ ዛቅ አደረግሁት። አፉን በቢላ ጀርባ ጠረግሁ።

[ሚዛኑ በቅርበት፦ 150]

አሁን ሁለተኛው። ዱቄቱን መጀመሪያ በማንኪያ ላላ አደረግሁት። ከዚያ በማንኪያ እየጨመርኩ ሞላሁት። ኩባያውን አልነቀነቅሁም፣ አልተጫንኩም። ጠረግሁት።

[ሚዛኑ በቅርበት፦ 120]

ሠላሳ ግራም ምን አላት? ለድፎ 6 ኩባያ ካስገባችሁ ግን 180 ግራም ትሆናለች። ሳታውቁት አንድ ኩባያ ተኩል ዱቄት ጨመራችሁ ማለት ነው። ውኃው ደግሞ ባለበት ነው። ሊጡ የሚጠጥረው ለዚህ ነው።

ዱቄት በቅንጣቶቹ መሃል ብዙ አየር ይይዛል። ሲጫኑት አየሩ ይወጣና ብዙ ዱቄት ይገባል። ስኳር እንደዚህ አይታመቅም፤ አንድ ኩባያው 200 ግራም ገደማ ነው። ስለዚህ አንዱን ቁጥር ለሁሉም አትጠቀሙ።

ኩባያው ላይ «8 አውንስ» ተጽፎ ታዩ ይሆናል። እሱ የፈሳሽ መለኪያ ነው፣ ክብደት አይደለም። በዚያ ኩባያ የሚገባው ዱቄት በክብደት ከ4 አውንስ ትንሽ ቢበልጥ ነው። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ይሳሳታል፣ እባካችሁ ልብ በሉ።

እርሾን ግን በማንኪያ ለኩ። አንድ የሻይ ማንኪያ ደረቅ እርሾ 3 ግራም ገደማ ነው። የቤት ሚዛን ለእንዲህ ዓይነት ትንሽ ነገር አይታመንም።

[ምስል፦ ሚዛን ላይ የተቀመጠ ዱቄት ያለበት ሳፋ]

አሁን ለእኔ ትልቁ ነገር። እናቴ ኩባያ አታውቅም። መለኪያዋ አሮጌ ጣሳ ነው፣ የቀረውን በዓይኗ ትመጥናለች። «ስንት ነው?» ስላት «እስኪበቃው» ትለኛለች። ያንን እንዴት ወደ ግራም እናምጣው?

ሥራዋን አታስቁሟት። ዱቄቱን ከነሳፋው ሚዛን ላይ አስቀምጡና ቁልፉን ተጭናችሁ ዜሮ አድርጉት። አብዛኛው የቤት ሚዛን የሚችለው 5 ኪሎ ድረስ ስለሆነ ሳፋው ትንሽ ይሁን። እሷ እንደልማዷ ትዝቃለች። የወሰደችው ልክ በመቀነስ ምልክት ይወጣል።

ባለፈው እናቴ አራት ጣሳ ዛቀች። ሚዛኑ −870 አለ። እስክሪብቶዬን አነሳሁ። እሷ ሊጡን በጣቷ ጫን አድርጋ አየችና «ትንሽ ይፈልጋል» ብላ አንድ ጭብጥ ጨመረች።

[ሚዛኑ በቅርበት፦ −915]

የጻፍኩት 915ን ነው።